አጋፋሪው የቆመበት ቀን

የምነግራችሁን አገር ካርታ ላይ ፈልጋችሁ ብታጡት ካርታ ሠሪውን አትውቀሱ። ስሙንም አልነግራችሁም። ስም ከጠራሁ አንዱ ተነስቶ «እኛን ነው» ይላል፣ ሌላው «እኛን አይደለም» ይላል፣ ጨዋታውም እዚያው ላይ ይቀራል። እኔ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት አወራለሁ፤ የመሰላችሁን ማሰብ የእናንተ ፈንታ ነው።

በዚያ አገር ንጉሥ የለም፤ ያለው ቤት ነው። ታላቁ ቤት ይሉታል። ውሃ የሚደለድለው እሱ ነው፣ ድንበር የሚለየውም እሱ ነው። አንድ መንደር ከትልቁ ቦይ ውሃ እንዲለቀቅለት ሲፈልግ ሰው ይልካል፤ የተላከውም በሰማንያኛው በር ይገባል፣ ጉዳዩን ይናገራል፣ መልሱን ይዞ ይወጣል። የቤቱ በሮች ብዙ ናቸው። ሃያ ሁለተኛው በር የሹማምንቱ ነው፤ አራት መቶ አርባ ሦስተኛው የታሸገ ደብዳቤ ለያዘ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ለምን እንደተከፈቱ ማንም የማያውቃቸው፣ ግን አንድ ቀን ሳያስፈልጉ አይቀሩም ተብለው ክፍት የተተዉ ብዙ በሮች አሉ። ሕዝቡ የሚያውቀው ሰማንያኛውን ነው።

ይህ ቤት በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። እድሳት ስል ቀለም መቀባት እንዳይመስላችሁ። ከወንዝ ማዶ ግንበኞች የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ አዲሱን ቤት ሠርተው፣ ጨርሰው ያመጡና ከአሮጌው አጠገብ ተክለውት ይሄዳሉ። የሚሠሩት ለዚያ አገር ብቻ አይደለም፤ ለብዙ አገር አንድ ዓይነት ቤት ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቤቱ ሲመጣ ሰዓቱ የግንበኞቹ አገር ሰዓት ነው፣ የዋናው ክፍል ቁልፍ ለሁሉም አገር የሚሰጡት ያው ቁልፍ ነው፣ ስሙም «ቤት» ብቻ ነው። የቀረውን ባለአገሩ እንደ አመሉ ያሰናዳው ብለው አንድ የመመሪያ ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቅለው ይሄዳሉ።

አገሩም ለዚህ ሥራ የተሾሙ ሊቆች አሉት። ሰዓት የሚያስተካክለው ሊቀ ሰዓት ይባላል። ባለፈው እድሳት የቤቱ ሰዓት ከአገሩ ፀሐይ ጋር በስድስት ሰዓት ተለያይቶ ተገኘ። ሊቀ ሰዓት ሦስት ቀን መክሮ ሰዓቱን መንካት አደጋ እንዳለው ደረሰበትና ሕዝቡ ምሳውን ማታ እንዲበላ አዘዘ። ሊቀ ቁልፍ ደግሞ የዋናውን ክፍል ቁልፍ መለወጥ ነበረበት። እሱ ግን ግንበኞቹ ለጥየቃ ቢመጡና በሩ እምቢ ቢላቸው ይቀየማሉ ብሎ ያንኑ ቁልፍ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ከሥሩም «መንካት ክልክል ነው» ብሎ ጻፈ። የስም ጉባኤ የሚባልም ነበር። ለቤቱ ስም ለማውጣት ሰባት ዓመት ተሰበሰበ፤ ስሙ ሳይወጣ ቤቱ አረጀ።

ከሁሉም በላይ የነበረው ግን ሊቀ ነባር አምሳሉ ነው። የእሱ ሥራ በእድሳቱ ቀን አንድ ጥያቄ ማንበብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንበኞቹ ከቤቱ ጋር አዲስ የበር መጽሐፍ ያመጣሉ። የበር መጽሐፍ ማለት ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለው የተጻፈበት ነው። አዲሱ መጽሐፍ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ማንም አይግባ» ይላል። ከዚያ በታች አገሩ እንዲሞላው ባዶ ነው። በአሮጌው ቤት ያለው ነባር መጽሐፍ ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መስመር አለው። ስለዚህ ሊቀ ነባር ደጃፉ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ነባሩ መጽሐፍ ይቆይ? ወይስ አዲሱ ይተካው?» ከዚህ ቀጥሎ ሦስተኛ ቃል አለ፤ ያን ሲያነብ ከበሮ ይመታልና ማንም አይሰማውም። ከበሮው ለምን እዚያ ላይ እንደሚመታ የሚያውቅ የለም። ምናልባት ድሮ አንድ ከበሮ መቺ ቸኩሎ ይሆናል። በዚያ አገር ስህተት ሁለት ጊዜ ከተደገመ ሥርዓት ይሆናል።

ከከበሮው በኋላ ሰባት ትንፋሽ ያህል ዝም ይባላል። ማንም ካልተናገረ ነባሩ ይቆያል። ሰው ሁሉ በስህተት ቃል እንዳያወጣ አፉን በጋቢው ይይዛል፤ የሚያስነጥስ ሰው ካለ አስቀድሞ ከግቢ ይወጣል። «ዝም አይነቅዝም» ይባባላሉ፤ ነባሩም ይቆያል። መጽሐፉ በዚህ ዓይነት አሥራ ሁለት ቤት ተሻግሯል።

መጽሐፉን የሚሠራበት አጋፋሪው ነው። አጋፋሪ መጽሐፉን የሚያነበው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በቃሉ ነው የሚያስገባና የሚመልስ። አጋፋሪ ሞገሴ የተቀመጠው የዛሬ አርባ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ቤት ሲለወጥ እንኳ ስምንት ሰው ከነወንበሩ ተሸክሞ ከአሮጌው በር ወደ አዲሱ ያሻግረዋል። ተራ የያዘው ሕዝብ ሰልፉን ሳያፈርስ ይከተለዋል፤ እሱም ትከሻ ላይ እንዳለ «ግባ፣ አትግባ» ማለቱን አያቋርጥም፤ ግባ የተባለውም የሚገባበት በር እስኪደርስ አብሮ ይሄዳል። አጋፋሪው ከተነሳ ቤቱ አያገለግልም። «በእሱ ዘመን ቤቱ አላገለገለም» እንዲባልበት የሚፈልግ ሹም ደግሞ የለም። እንዴት ነው የሚተኛው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጨጎ እንውረድ። ጨጎ ቆላ ያለች መንደር ናት፣ ሰማንያ ሦስት ቤት። በበሩ መጽሐፍ ሁለት መቶ ሰባተኛው መስመር ላይ እንዲህ ተጽፏል፤ «ጨጎ ለጊዜው አይግባ፣ ከብቱ ታሟልና።» የዛሬ ሰማንያ አራት ዓመት የጨጎ ከብት ታሞ ነበር። ከብት እየነዳ የሚመጣ ሰው በሽታውን እንዳያዛምት ተብሎ ነው የተጻፈው፤ አሳቡ መልካም ነበር። ብዙው ከብት ዳነ፣ ወለደ፣ የወለደውም አርጅቶ ታረደ። የጻፈው ሰው ሞተ፣ ያጻፈውም ሞተ፤ መስመሩ ግን ኖረ። ሄዶ «ከብታችን ድኗል» እንዳይባል አቤቱታ የሚቀርበው ከውስጥ ነው። ከጨጎ የመጣ ሰው ደግሞ አይገባም።

ስለዚህ ጨጎ ከዚያ ወዲህ ከቦዩ አንድ ቀን ውሃ አግኝታ አታውቅም። የምትኖረው በአንዲት ምንጭ ነበር። በዚያ ዓመት ምንጯ መንጠፍ ጀመረች፤ አንድ እንስራ ለመሙላት ከማለዳ እስከ ቀትር መቀመጥ ግድ ሆነ። ሽማግሌዎቹ መከሩና ቆረጡ። «በዘንድሮው እድሳት ካልተፈታልን የሚቀጥለውን አንደርስበትም፤ እንበተን» አሉ። ሰማንያ ሦስቱም ቤት ክዳኑን አወረደ፣ ጓዙን አሰረ። ከመበተናቸው በፊት ግን አንድ ሰው ላኩ። የላኳት ወይዘሮ እንጉዳይን ነው። ስትመለስ መልሱን ሰምተው ወይ ክዳናቸውን ይመልሳሉ፣ ወይ ጓዛቸውን ይጭናሉ።

እንጉዳይን የመረጧት ደፋር ስለሆነች አይደለም፤ ደፋር አልነበረችም። ሰሌዳውን ስላነበበች ነው። የግንበኞቹ ሰሌዳ ከሰማንያኛው በር በላይ እንደተሰቀለ ነው። የሚገባ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይሳለመዋል፤ የሚያነበው ግን የለም፣ የሚገባ ሰው ይቸኩላል። እንጉዳይ በወጣትነቷም፣ ካገባች በኋላም፣ ባሏ ከሞተ በኋላም መንደሯን ወክላ ስድስት ጊዜ እዚያ በር ድረስ መጥታ ተመልሳለች። «ዛሬ እንኳ ቢራራልኝ» እያለች ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትቆም ሴት የተጻፈውን ሁሉ ታነባለች፤ ሌላ ምን ሥራ አላት።

በእድሳቱ ቀን የአዲሱ ቤት ግቢ ለማንም ክፍት ነው። አገሩ ሁሉ ይመስክር ተብሎ ነው፤ አጋፋሪው የሚጠብቀው በሩን እንጂ ግቢውን አይደለም። የእድሳቱ ሥራ የሚያበቃው የአሮጌው ቤት ጥላ የአዲሱን ደጃፍ ሲነካ ነው። ያኔ መጽሐፉ ይታሸጋል፣ ሰባት ዓመትም የሚነካው የለም። እንጉዳይ ማለዳ ደርሳ ከከበሮው አጠገብ ቆመች።

ሊቀ ነባር ጥያቄውን አነበበ። ከበሮው ተመታ። ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። አራተኛው ትንፋሽ ላይ አንዲት ሴት «ልዩነቱ ታይቶ ይታረም!» አለች።

«ማነው የተናገረው?» አለ ሊቀ ነባር አምሳሉ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ምንድን ነው ያልሽው?»

«ሦስተኛውን ነው። ከበሮው የሚመታበትን። ‹ወይስ ልዩነቱ ታይቶ ይታረም› ይላል ሰሌዳው። እርስዎም አሁን አንብበውታል።»

ሊቀ ነባር ወደ ከበሮ መቺው ዞረ። ከበሮ መቺው ከበሮውን ተመለከተ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ አሰናጂ ጓንጉል ይባላል። ሊቆቹ ይመክራሉ እንጂ እጃቸውን አያስገቡም። መጽሐፍ የሚጽፈው፣ በር የሚገጥመው፣ ማጠፊያ ቅባት የሚቀባው አሰናጂው ነው። ጠንቃቃ ሰው ነበር፣ ምክንያትም ነበረው። ከእሱ በፊት የነበረው አሰናጂ ማንም የማይጠቀምበትን አንድ በር ዘጋ፤ በማግስቱ አንድ ትልቅ ሹም በጓሮ በጉን የሚያስገባው በዚያ በር እንደነበር ታወቀና ሰውየው የጣሪያ ሣር እንዲቆጥር ተላከ። እስከ ዛሬም ይቆጥራል ይባላል።

«እንዲህ ያለ ቃል አለ?» ሲል ሊቀ ነባር ጠየቀው።

«አለ ጌታዬ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም እንጂ።»

ሥርዓቱ የተነገረውን ቃል ይፈጽማል፤ ዝምታም ቃል፣ ቃልም ቃል ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ይታይ ተባለ። በአንድ መስመር መጽሐፍና በሦስት መቶ አሥራ ሁለት መስመር መጽሐፍ መካከል ያለው ልዩነት ያው ነባሩ መጽሐፍ ራሱ ነው። ጓንጉል ሙሉውን ጮክ ብሎ አነበበው። እስከ ቀትር ፈጀ። ሰዉ የራሱን መንደር ስም እስኪሰማ ጆሮውን ያቆማል፤ ከሰማ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል። ሁለት መቶ ሰባተኛው መስመር ሲነበብ የሰማችው እንጉዳይ ብቻ ነበረች ብል አላጋነንኩም።

«እሱን ነው የማሳርመው» አለች።

«ከብቱ መዳኑን ማን መሰከረ?» አለ ሊቀ ነባር።

«የትኛው ከብት ጌታዬ?»

«የታመመው ነዋ።»

«ያ ከብት ከሞተ እኮ ሰባ ዓመት አልፎታል።»

«ሞተ?» አለ ሊቀ ነባር፣ ወደ ሌሎቹ ሊቆች ዞሮ። «እንግዲያውስ አልዳነም።»

ሊቆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገና «ጌታዬ፣ የሞተ ከብት በሽታ አያዛምትም» አለ። ሊቀ ነባር ይህን የሚቃወም ነባር ቃል ቢፈልግ አላገኘም፤ ከነባሩ ውጭ ደግሞ እሱ የሚናገረው የለውም። ጓንጉል ቢላዋውን አወጣና መስመሩን ከብራናው ላይ ፋቀው። እንጉዳይ የመፋቂያውን ድምፅ ስትሰማ ደስ አላት። አጋፋሪው ከነወንበሩ ወደተሻገረበት፣ ወደ አዲሱ ቤት ሰማንያኛ በር ሮጠች።

«ከየት?» አለ አጋፋሪ ሞገሴ።

«ከጨጎ።»

«ጨጎ አይገባም።»

«ተፍቋል እኮ አባቴ! አሁን፣ እዚያ፣ ሊቀ ነባርም ባሉበት...»

«እኔ ያነበብኩት አልተፋቀም» አለ አጋፋሪው።

አጋፋሪ ሞገሴ ክፉ ሰው አልነበረም። የተማረውን የሚያውቅ፣ የሚያውቀውን የሚሠራ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በክርክር አታሸንፉትም። እንጉዳይ ወደ ጓንጉል ተመለሰች። ጓንጉልም የፈራው ይህንን ነበር።

«አጋፋሪው ተነስቶ እንደገና ካልተቀመጠ የታረመውን አያነብም» አላት።

«ታዲያ ይነሳ።»

ሊቀ ነባር «በእኔ ዘመን?» ብሎ እጁን አነሳ። ሊቀ ሰዓት ሰዓቱ ገና ስላልተስተካከለ በስንት ሰዓት ተነሳ ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀ፤ ይህ ሳይታወቅ ማንንም ማስነሳት እንደማይቻል አስረዳ። ሊቀ ቁልፍ ምስማሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ማየት ትዝ ብሎት ሄደ። ጥላው ከደጃፉ አሥር እርምጃ ያህል ነበር የቀረው።

እንጉዳይ ጓንጉልን ለብቻው አነጋገረችው። «ወንድሜ፣ ክዳናችንን አውርደናል» አለችው። «ሰው ጓዙ ላይ ተቀምጦ እኔን ነው የሚጠብቀው። ሄጄ ምን ልበላቸው? መጽሐፉ ፈቅዷል፣ ሰውየው ግን አልሰማም ልበላቸው?»

ጓንጉል ቢላዋውን ጠርጎ ወደ አፎቱ መለሰ፣ እንደገና አወጣው፣ እንደገና መለሰው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደና ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «አጋፋሪ ሞገሴ፣ ይነሱ» አለ።

አጋፋሪው ተነሳ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ከሰልፉ መሐል ያለው ሰው ሰማው ይባላል። ቀና ካለ በኋላ ዞር ብሎ በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን አየው። «እንዲህ ትንሽ ነው?» አለ።

ቤቱ ማገልገል አቆመ። ሰልፉ ውስጥ ጩኸት ተነሳ። ከፊተኞቹ አንዱ፣ የላይ ሜዳው አቶ ቢሻው፣ ተራውን ለቅቆ እየሮጠ መጣ። ላይ ሜዳ ቦዩ በመሐሏ የሚያልፍ መንደር ናት።

«ለአንዲት መንደር ብላችሁ አገሩን ሁሉ ታቆሙታላችሁ?» አለ ቢሻው። «እኛ ተራ የያዝነው ከትናንት ወዲያ ነው! አንቺ ሴትዮ፣ ሰማንያ ዓመት ችላችሁ ኖራችሁ የለም እንዴ? ሰባት ዓመት ምን አላት?»

«ውሃ ለጠጣ ሰው ምንም የላትም» አለች እንጉዳይ።

አጋፋሪው ተቀመጠና መጽሐፉን ተቀበለ። ሥርዓቱ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ወረደ፤ መቶኛውን አለፈ፣ ሁለት መቶኛውን አለፈ። ሁለት መቶ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ብራናውን ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ አራቀ።

«ዳሩ ላይ አምስት ይላል» አለ። «ቃል ግን የለም።»

ጓንጉል ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያ መጽሐፍ በየመስመሩ ዳር የመስመሩ ቃላት ብዛት በማይፋቅ ቀለም ይጻፋል። አንድ ቃል ጠፍቶ ወይም ሾልኮ ገብቶ እንደሆነ አጋፋሪው በዚያ ያውቃል። ጓንጉል ይህን ያውቃል፤ ግን በሕይወት ካለ ሰው መስመር ሲፋቅ ያየ ስለሌለ ቃሉን ብፍቅ ቁጥሩስ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። አጋፋሪ ያልተስተካከለ መስመር ካጋጠመው ከዚያ አልፎ አያነብም። አንብቦ ካልጨረሰም ማንንም አያስገባም። እስከዚያች ሰዓት በሩ የተዘጋው ለጨጎ ብቻ ነበር፤ አሁን መጽሐፉ ላይ ላሉት ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ተዘጋ።

«የነበረውን መልሱ!» አለ ቢሻው። ሕዝቡም ተቀበለው፤ «የነበረውን መልሱ! የነበረውን መልሱ!»

እንጉዳይ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ተሰማት፤ ሊቀ ነባር ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎት አያውቅም። «ለዚህ ነው እኮ መጠባበቂያ የምናኖረው» አለና ሣጥኑ እንዲመጣ አዘዘ። የመጠባበቂያው ሣጥን የነባሩ መጽሐፍ ግልባጭ ያለበት ነው። በየእድሳቱ አራት ሰው ተሸክሞት ግቢውን ይዞራል፣ ሕዝቡም እልል ይላል። ተከፍቶ ግን አያውቅም፤ መክፈት ማለት መጠርጠር ነውና።

ከፈቱት። ግልባጩ ደቅቆ ጎጆ ሆኗል፤ ጎጆው ውስጥ አንዲት አይጥ ከነልጆቿ ተኝታለች። ሊቀ ነባር ለረጅም ጊዜ አያት። አይጦቹ ከእሱ ሹመት ይልቅ ነባር እንደሆኑ ሳይገባው አልቀረም፤ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ከደነው።

ጥላው አራት እርምጃ ቀረው። ያኔ ጓንጉል ወደ ሕዝቡ ዞረና «ቃሉን የሚያስታውስ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ማንም አልነበረም። ጠዋት ሁሉም ፊት ተነቧል፤ ሁሉም የያዘው የራሱን ነው። ሊቀ ነባር እሱ ነባሩን እንደሚጠብቅ እንጂ እንደማያነብ ተናገረ። አጋፋሪ ሞገሴ ሲነሳ የቀድሞውን ለመርሳት የማለ ነው፣ መሐላውንም አያፈርስም። ጓንጉል ራሱ «እኔ የምፍቀውን ልብ አልልም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ይህን እኔም አላምነውም፤ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ አንድ ጊዜ በቢላዋ የተከተለውን መስመር እንዴት ይረሳዋል። ብቻ እንዲያ አለ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደና ጎንበስ ብሎ «እሜቴ፣ እርስዎስ?» አላት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በጨጎ ልጅ አፉን ሲፈታ ከእናቱ ስም ቀጥሎ የሚማረው ያን መስመር ነው። እንጉዳይ ለሦስት ልጆቿ አስተምራዋለች። በአገሩ ሁሉ ያን ቃል በልቡ የያዘ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። የምትለውን ይጽፉታል፤ ተሳስተሻል የሚላት የለም።

ይህ ነገር ለሕዝቡ የገባው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ጩኸቱ በረደ። ከዚያ አንዱ ውሃ አመጣላት። ሌላው ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እንዳይመታት ጋቢውን ዘረጋላት። ቢሻው ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ «እኅቴ፣ ላይ ሜዳ መቼም ጨጎን የሚወድ መንደር ነው፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ» አላት።

ላይ ሜዳን አሳምራ ታውቃታለች። ከጨጎ የሄደ ሰው ላይ ሜዳ ላይ ቦዩ አጠገብ ጎንበስ ሲል ዱላ ነው የሚጠብቀው። «ጨጎ ይግባ፣ ላይ ሜዳ አይግባ» ብትል አምስት ቃል ይሞላል። በጣቷ ቆጥራዋለች፤ እዚያ የነበሩ ሰዎች ጣቷ ሲታጠፍ አይተናል ይላሉ። ቢሻውም አየ። ላቡ ወረደ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጥላው ሁለት እርምጃ ቀረው።

እንጉዳይ ጣቷን ዘረጋች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ታጥፍ ጀመር። እያንዳንዱን ቃል ካንዱ ጣት ጋር አወጣችው።

«ጨጎም» አለች። «እንደ። ሌላው። ሰው። ይግባ።»

«እንዲያ ነበር የሚለው?» አለ ሊቀ ነባር።

«እንዲያ መሆን ነበረበት ጌታዬ።»

ሊቀ ነባር ሊናገር አፉን ከፈተ። ሕዝቡ ግን በአንድ ድምፅ «ጻፍ!» አለ። ጓንጉል ጻፈ። አጋፋሪው ቃሉን ቆጠረ፣ አምስት ነው፤ ከዚያ እስከ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ሳይቆም ወረደ። መጨረሻውን ቃል ሲያነብ ጥላው ደጃፉን ነካ። ማኅተሙ ተመታ፣ መጽሐፉም ለሰባት ዓመት ተዘጋ።

እንጉዳይ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና በሩ ላይ ቆመች።

«ከየት?» አለ አጋፋሪ ሞገሴ።

«ከጨጎ።»

«ጨጎ እንደ ሌላው ሰው ይገባል» አለ። እግሯን ስታነሳ ግን እጁን ዘረጋ። «ሌላው ሰው የሚገባው በሰልፍ ነው።»

አንዳንዶች ሳቁ። እሷ አልተቆጣችም። እንዲያውም ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከፊት ያሉት «ግቢ፣ እኛ ጋ ግቢ» አሏት፤ ራሷን ነቅንቃ አለፈቻቸው። ሰልፉ ግቢውን ዞሮ፣ ከአጥሩ ወጥቶ፣ እስከ መንገዱ ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከጨጎ የመጣ ሰው እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ አያውቅም። ፊቱን ሁሉ እያየች፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ጫፉ ወረደች።

«መጨረሻው ማን ነው?» አለች።

ተራውን ለቅቆ የሮጠ ሰው ተራው ይሄዳል፤ ያም የአገሩ ሕግ ነው። ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሰው እጁን በከፊል አነሳ። አቶ ቢሻው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«እንግዲያውስ ከእርስዎ ኋላ እኔ ነኝ» አለችና ቆመች።